ታንኳ የገዛው ልብስ ሰፊ

ሚስተር ሄንሪ የጀልባዋን ጓዳ ክዳን ገፋ ሲያደርጉት ከውስጥ የወጣው ሽታ እርጥብ ጨርቅ ፊቴ ላይ የጣሉብኝ ያህል ነበር። ለብዙ ቀን ታፍኖ የቆየ ውሃ፣ የሻገተ ገመድ፣ ፀሐይ ያላየ ሸራ፣ ከሁሉም ስር ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆይቶ መበስበስ የጀመረ ሣር የሚመስል አንድ ነገር ይሸታል። ያ የመጨረሻው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ጀልባዋ ከፕላስቲክ ነው የተሠራችው፣ በዙሪያዋም ከሲሚንቶና ከብረት በቀር አንድ ዘለላ ሣር የለም። ብቻ ሽታው ሲመጣ ጉልበቶቼ ቀዘቀዙ። ሱሪዬ የረጠበ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ደረቅ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ ሎንግ ቢች፣ ትናንሽ ጀልባዎች ከውሃ ወጥተው የሚቆሙበት ግቢ። ሦስት ነን። አንዷ ልጄ ሐያት ናት፤ እዚያው ሎንግ ቢች አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራለች፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር የሸራ ጀልባ መንዳት ተምራ ሌላ ወሬ የላትም። ሁለተኛው ሻጩ ሚስተር ሄንሪ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከጃፓን የመጡ፣ ራሳቸው እዚያው አቅራቢያ ጋርዴና የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ሲሠሩ የኖሩ አናጢ፤ ጉልበታቸው እየከዳቸው ስለሆነ ጀልባዋን ለሚወዳት ሰው ሊሸጡ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፣ ሰይድ። ሐያት ዋና እንደማልችል ስለምታውቅ ገና ከመኪና ሳልወርድ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደሪያ አልብሳኛለች፤ መሬት ላይ ሰደሪያ የለበሰ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ የሚያልፈው ሁሉ ፈገግ እያለ ሰላምታ ይሰጠኛል።

የመጣሁት ጀልባዋን ልመረምር ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት ሳመላልስ የኖርኩ ሾፌር ነኝ፤ ስለ ጀልባ የማውቀው ነገር ቢኖር አንድ ታሪክ ብቻ ነው። ያንን ታሪክ ግን ፌርፋክስ ላይ፣ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ባሉበት ሰፈር፣ ያልሰማው የለም። ከሥራ በኋላ የምንሰበሰብበት ምግብ ቤት ጥጉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ ልጅ ሆኜ በወሎ ሐይቅ ላይ አባቴን ከመስጠም እንዴት እንዳዳንኩት ስንቴ እንደተናገርኩ ቁጥሩን አላህ ነው የሚያውቀው። ሾፌሮቹ ሁሉ "ካፒቴን" እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ አዲስ መጤ ሲመጣ "እስኪ ካፒቴን፣ ንገረው" ይላሉ፣ እኔም አላሳፍራቸውም። ሐያት ከጠረጴዛው ስር እግሯን እያወዛወዘች ይህንን ሰምታ ነው ያደገችው። ለዚህ ነው ጀልባዋን ባገኘች ቀን ደውላ "አባዬ፣ ዩዝድ ነው፣ ግን ቆንጆ ነው፤ አንተ መጥተህ ቼክ ካላደረግክልኝ አልገዛም" ያለችኝ። እንቢ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?

ሚስተር ሄንሪ እጀታው ወፍራም የሆነ ብሎን መፍቻ ሰጡኝ። "በእጀታው እያንኳኳህ ድምፁን ስማ" አሉኝ። "ጥርት ካለ ደህና ነው። ከታፈነ ውስጡ ውሃ ገብቷል ማለት ነው።" ሰውየው እውነተኛ ናቸው፤ እንከኑን ሁሉ ራሳቸው ያሳዩናል። ተንበርክኬ ማንኳኳት ጀመርኩ። አንዱም ድምፅ ከሌላው አልተለየብኝም። ቀና ስል ሐያት ትንፋሿን ይዛ ታየኛለች፤ የታማሚ ደረት እንዳዳመጠ ሐኪም ራሴን ነቀነቅኩ፣ ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ እንደገና አንኳኳሁ። እንዲህ ጎንበስ ብዬ የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ ሆኜ ስነካካ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ፤ አባቴም አሮጌ ታንኳ ሲገዛ ልክ እንዲህ ነበርና።

አባቴ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነበር። ሐይቅ ከተማ፣ ያቺ ከደሴ ወደ ሰሜን ያለችው፣ ስሟን ከአጠገቧ ከተኛው ውሃ የወሰደችው ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት ይሰፋል። ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ጠመኔው ጆሮው ላይ፣ መርፌዎቹ በከንፈሩ መሃል ስለነበሩ እኛ ልጆቹ አባታችን ሲናገር ሳይሆን ሲያጉረመርም መረዳት ነበር የተማርነው። ውሃ ይፈራል። ሐይቁ ከቤታችን በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ሆኖ እሱ ግን ዳርቻውን ረግጦ አያውቅም፤ ዓሣ እንኳ ሲበላ እሾሁን ሳይሆን የመጣበትን ቦታ የሚፈራ ነበር የሚመስለኝ። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ ከምሳ በኋላ መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ "ሰይድ፣ ና ተነስ፣ ታንኳ ልናይ ነው" ያለኝ።

ለምን ታንኳ እንዳስፈለገው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፣ ደስታው አፌን ዘግቶት ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችን፣ እሷም ምንም አላለችም። ዝምታዋ ግራ ገብቶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ እናቴ አባቴ በጥቁር ክር ፋንታ ሰማያዊ ክር ገዝቶ ሲመጣ እንኳ ሰፈሩ እስኪሰማ የምትናገር ሴት ነበረች።

ሻጩ ይማም የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር። የእኛ አገር ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው፤ ያ ውሃ ዳር የሚበቅለው ረጅም ቄጠማ መሰል ተክል ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ በልጥ እየታሰረ እየተጠፈረ። አዲስ ሲሆን እንደ ላባ ይንሳፈፋል፣ ወራት ሲያልፉ ግን ውሃ እየጠጣ እየከበደ ይሄዳል፣ አጥማጆቹም ማታ ማታ ከውሃ አውጥተው ፀሐይ እንዲያገኘው ያቆሙታል። ስለዚህ ያገለገለ ታንኳ የሚገዛ ሰው በአገሩ አልነበረም። ይማም ራሱ ደንግጦ "ጋሽ እንድሪስ፣ ይቺ እኮ አርጅታለች፤ አብሽሩ፣ በሁለት ሳምንት አዲስ ላሠራልዎት" አለ። አባቴ ግን እጁን አወዛወዘና ምርመራውን ጀመረ። መጀመሪያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ርዝመቷን ለካ፤ ቀጥሎ ወገቧን ለካ፣ እውነቴን ነው፣ ሜትሩን በሆዷ ስር አዙሮ ለሰው ቀሚስ እንደሚለካ ለካት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የልጡን ማሰሪያ አንድ በአንድ በጥፍሩ እየሳበ መረመረ፣ አንዱ ጋ ሲደርስ ከንፈሩን ነክሶ "ይቺ ስፌት ላልታለች" አለ። መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ ይማምን በቁም ነገር "ስንት ጊዜ ተለብሳለች?" ሲለው ይማም ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውሃው ዞረ። አባቴ ግን አልሳቀም። ገዛት።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የእኔ ታሪክ፣ የካፒቴኑ። ዕለቱ አርብ ነው። አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጁምዓ ቀረ። እናቴ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ቆሎ ቆልታ በጨርቅ ከረጢት ሞልታለች፤ ለሽርሽር ይህን ያህል ቆሎ ምን ያደርጋል ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል። ሰው ሁሉ መስጊድ ሄዶ ዳርቻው ጭር ብሏል። እኔ ከፊት ተንበረከክሁ፣ ደንገሉ ከጉልበቴ ስር እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፣ ሲጫኑት በጣት መሃል ውሃ ያፈልቃል፣ የበሰበሰ ሣርና የዓሣ ሽታ አለው። አባቴ ከኋላዬ ተቀምጧል። ወደ መሃል ስንገባ የዳር ዛፎች እያነሱ ሄዱ፣ ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ። ከዚያ ታንኳዋ መክበድ ጀመረች። ውሃው ጉልበቴን አልፎ ጭኔ ደረሰ። አባቴ ግራና ቀኙን በሁለት እጁ ጨብጦ የሚያውቀውን ሱራ ሁሉ ይቀራል፣ መቅዘፊያውን ግን ጥሎታል። እኔ አነሳሁት። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ቀዝፌ አላውቅም፣ ግን ቀዘፍኩ፤ እጄ እስኪላጥ፣ ትከሻዬ እስኪቃጠል ድረስ ቀዝፌ ዳር አደረስኩት። አባቴ ከውሃው ሲወጣ ራሴን ይዞ "አሻገርከኝ፣ የኔ ጀግና" አለኝ።

ፌርፋክስ ላይ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ጭብጨባ አለ።

ሚስተር ሄንሪ የወለሉን ጣውላ አነሱት። ከስሩ፣ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ አንድ ባልዲ የሚሆን ጠቆር ያለ ውሃ አቁሯል። ሐያት ፊቷ ወደቀ። "ሊክ ያደርጋል ማለት ነው?" አለች።

"ከየት እንደገባ ነው ጥያቄው" አሉ ሚስተር ሄንሪ። "ከባሕሩ ከሆነ የታችኛው አካሏ ተጎድቷል፤ እሱ ትልቅ ሥራ ነው። ዝናብ ከሆነ ከላይ ካሉት ብሎኖች ነው፤ እሱን በግማሽ ቀን ታስተካክሉታላችሁ። ለማወቅ መቅመስ ነው። እኔ ከምነግራችሁ ራሳችሁ ቅመሱት፣ እኔ ሻጭ ነኝ።"

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ጣቴን ነክሬ ምላሴ ላይ አደረግሁ። ጨው የለውም። አቧራ፣ ዝገት፣ ትንሽ ሳሙና መሳይ ነገር፣ ግን ጨው የሚባል የለውም። ዳግመኛ ቀመስኩ። ሰባ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ውቅያኖስ ተዘርግቶ እኔ አፍ ውስጥ የሐይቅ ውሃ አለ። "ዝናብ ነው" አልኩ፤ ያን ቀን ካልኩት ሁሉ እርግጠኛ ሆኜ የተናገርኩት እሱን ብቻ ነበር።

ደስ አለኝ። በጣም ስለተደሰትኩ እዚያው ቆሜ እህቴ ዘሃራ ጋ ደወልኩ። ዘሃራ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ደሴ ነው የምትኖረው፤ እዚያ ከኢሻ ሶላት በኋላ ስለሆነ ነጠላዋን እንደተከናነበች ነበር ያነሳችው። ቪዲዮውን ወደ ጀልባዋ አዞርኩላት።

"እታለም፣ ተመልከቺልኝ፣ የሐያት ጀልባ ናት! እኔ ነኝ የምመረምረው፤ አባባ የይማምን ታንኳ እንደመረመራት።"

"ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ" አለች። "ኧረ ስታምር! ያቺንስ አሮጌዋን ታስታውሳታለህ እንዴ?"

"እንዴት እረሳለሁ? አባባን ቀዝፌ ያወጣሁባትን!"

ዘሃራ ሳቀች። ሳቋ ደግ ነበር፣ እንደ ልጅ ነው የሳቀችልኝ። "ሰይዶ፣ አንተ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተውካትም? መቼ ተሳፍረህባት ታውቅና!"

ሐያት ከኋላዬ ቆማ ትሰማለች፤ አማርኛዋ ደህና ነው፣ አንድም ቃል አያመልጣትም። እኔ "እታለም፣ ዘነጋሽው መሰለኝ፣ አርብ ቀን፣ ቆሎው..." ስል ዘሃራ መሳቋን አቆመች። ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች፤ ዓይኗና ግንባሯ ብቻ ይታየኛል።

"ቆሎው የአሊ ስንቅ ነበር" አለች። "ሳታውቅ ቀርተህ ነው? እኔ እኮ አሊ ነግሮሃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

አሊ የሁላችን ታላቅ ነው። ያን ሰሞን ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቶ ሄደ ነው የተባልኩት፤ ከኮምቦልቻ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ወጣ፣ ጅዳ መኪና ቀለም የሚቀባበት ጋራዥ ውስጥ ኖረ፣ በኩላሊት ሕመም እዚያው ከሞተ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። እኔ የማውቀው ይህንን ነበር። ዘሃራ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። ዘመኑ ደርግ ነው፣ ልጆች ለብሔራዊ ውትድርና ከየቤቱና ከየመንገዱ እየታፈሱ ነው፣ አሊ ደግሞ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በመኪና መንገዱ ላይ በየኬላው ይጠየቃል። ያልተጠበቀው ውሃው ብቻ ነበር። አባቴ አዲስ ታንኳ ቢያሠራ ሰው "ለልብስ ሰፊ ታንኳ ምን ያደርግለታል?" ብሎ ሁለት ሳምንት ሲያወራ ሊከርም ነው፤ ስለዚህ አሮጌ ገዛ። አርብ፣ ሰው ሁሉ ጁምዓ ላይ እያለ፣ አሊን ወደ ማዶ አሻገረው፤ እዚያ አጎታችን በቅሎ ይዞ እየጠበቀ ነበር፣ ወደ ባቲ አወጣው፣ ከባቲ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ወደ ጅቡቲ።

"ቀዛፊውስ?" አልኩ።

"እኔ ነኛ። ከይማም ልጆች ጋር ደንገል ስቆርጥ አልነበር የማድገው? ከቤታችን መቅዘፍ የሚችል ከእኔ ሌላ ማን ነበር? አንተ እኮ ዳር ላይ ከእማማ ጋር ቀርተህ፣ እኔንም ውሰዱኝ ብለህ እስከ ወገብህ ውሃ ውስጥ ገብተህ ስትጮህ፣ እማማ ጎትታ ነው ያወጣችህ። እንዳትነግርበት ብለው ምንም አልነገሩህም፤ ወሬ አይበረክትልህም ነበር እኮ፣ የኔ ጌታ።"

ስልኩን ስዘጋ ሚስተር ሄንሪ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር። ሐያትን ቀስ ብለው "ሰው ሞተባችሁ?" ሲሏት ሰማሁ። ምን ብላ እንደመለሰችላቸው አላውቅም። እኔ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሰደሪያዬን ለመፍታት እየሞከርኩ መቆለፊያው እንቢ ብሎኝ ነበር። የነገሩ ውል ጠፋብኝ። የደንገሉ ቅዝቃዜ ጉልበቴ ላይ አለ፣ የውሃው ቀለም ሲለወጥ ያየሁት ዓይኔ ውስጥ አለ፣ አባቴ ሱራ ሲቀራ ድምፁ ከጀርባዬ ነው የሚመጣው፤ ይህን ሁሉ ዳር ላይ ቆሞ ያለቀሰ ልጅ ከየት አመጣው? ደግሞስ ዘሃራ ለምን ትዋሻለች?

ሐያት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መቆለፊያውን በአንድ እጇ ጠቅ አድርጋ ፈታችልኝ።

"ሶ አባዬ... ጀልባ ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?"

"እንጃ፣ ልጄ" አልኳት። "አንድ ሰዓት ሙሉ ያንኳኳሁት ምንም ሳይገባኝ ነው። ታንኳ ላይም ተሳፍሬ ላላውቅ እችላለሁ።"

ልትስቅ ነው ወይም ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከማዶ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ፣ አንዱ ኮንቴይነር ሲያነሳ ዓይኗን እዚያ ላይ ተክላ ቆየች። "ስታወራው ግን" አለች በመጨረሻ፣ "አያቴ እንደሚወድህ ነበር የሚታየኝ። እሱም ውሸት ነው?" ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ተነሳችና መፍቻውን ከእጄ ወስዳ እኔ ያንኳኳሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው ማንኳኳት ጀመረች፤ እየሰማች፣ እየመለሰች፣ ሚስተር ሄንሪን እየጠየቀች። ሁለት ቦታ ላይ የታፈነ ድምፅ አገኘች። እኔ ሁለቱንም አልፌያቸዋለሁ። ሚስተር ሄንሪ የትኞቹ ብሎኖች ወልቀው እንደገና መታሸግ እንዳለባቸው አሳዩዋት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥተው አብረዋት ሊሠሩ ቃል ገቡላት። ጀልባዋን ገዛቻት፤ በእኔ ምርመራ ሳይሆን በራሷ።

በማግስቱ ፌርፋክስ ስሄድ ወሬው ቀድሞኛል። "ካፒቴን! ልጅህ ጀልባ ገዛች አሉ፤ ዘር ነው እኮ!" ብለው ወንበር ሳቡልኝ። አንድ ገና በቅርቡ በዲቪ የመጣ ልጅ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ "እስኪ ንገረው" አሉኝ። "አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር" ብዬ ጀመርኩ። ሜትሩን ነገርኩት፣ "ስንት ጊዜ ተለብሳለች" ያለውን ነገርኩት፣ ሁሉም ሳቁ። ታንኳዋ ውሃ ላይ ስትወጣ ግን ቆምኩ። ማንን የት ላስቀምጥ? ዘሃራን ከፊት ባስቀምጥ፣ አሊን መሃል፣ አባቴን ከኋላ፤ ያቺ አሮጌ ታንኳ ከሦስት ሰው በላይ አትችልም። "ከዚያስ?" አለ ልጁ። መኪናዬን ያለቦታው ፓርክ አድርጌያለሁ ብዬ ወጣሁ።

አንድ ሳምንት ሙሉ እየነዳሁ ስለ ታንኳዋ ሳስብ ሁለት ጊዜ መታጠፊያ አለፈኝ፤ ባልድዊን ሂልስ የሚባል ሰፈር የሚሄደውን ሰው ኤርፖርት በር ላይ ሳደርሰው "ወንድሜ፣ እኔ እኮ ከዚህ ነው የመጣሁት" አለኝ። በመጨረሻ ለዘሃራ መልሼ ደወልኩ። ስለ ጉልበቴ ነገርኳት፣ ስለ ቅዝቃዜው።

"ቆይ" አለች። "ከተመለስን በኋላ አባባን ሁለት ቀን አኩርፈኸው ነበር። እህል አልበላም ብለህ። ከዚያ ወስዶ ታንኳዋ ላይ አስቀመጠህ መሰለኝ። ዳር ላይ በገመድ እንደታሰረች። መቅዘፊያውን ሰጥቶህ 'በል አሻግረኝ' አለህ፣ አንተም ባለህበት ስትቀዝፍ ዋልክ። እሱም ከኋላህ ተቀምጦ እንደፈራ ሆኖ ሱራ ይቀራ ነበር፣ አንተን ደስ እንዲልህ።"

"መሃል የገባሁትስ? ውሃው ሲጠቁር ያየሁትስ?"

"ገመዱ ተፈትቶ ትንሽ ሄዳችሁ ይሆን? ወይስ መሃል የገባው የይማም ልጅ ሆኖ ሲያወራ ሰምተህ ነው? ወላሂ እኔም እንጃ፣ ሰይዶ። እኔም አርጅቻለሁ።"

ከእሷ በቀር የሚጠየቅ የለም። አባቴ አሊ በሄደ በአራተኛው ዓመት ሞተ፣ ልጁን ሳያይ። እናቴ በሕይወት ሳለች ስደውልላት "ጀግናው" ትለኝ ነበር እንጂ አንድም ቀን "አንተ አልነበርክም" አላለችኝም። አራት ሰዎች ያንን ታሪክ እየሰሙ፣ እውነቱን እያወቁ ለእኔ ተዉልኝ፤ ሦስቱ እስኪሞቱ ድረስ። ከዚህ ሁሉ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ አሊ ነው።

አሊ በየኢዱ ከጅዳ ይደውልልኝ ነበር። ከሰላምታው በኋላ ሁልጊዜ "እስኪ ያቺን የታንኳዋን ንገረኝ" ይላል። እኔ ታንኳዋ ላይ እንዳልነበርኩ እያወቀ፣ እሱ ራሱ ተቀምጦባት የሄደው ሰው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስነግረኛል። ለምን እንደሚያስነግረኝ አላውቅም፤ መጫወቱ ይሁን፣ የአባቴን ስም መስማት ናፍቆት ይሁን። አንድ ጥያቄ ግን አይቀርበትም ነበር። "ወደ ዳር ስትመለሱ" ይለኛል፣ "አባባ ወደ ኋላ ዞሮ ያይ ነበር?"

እኔ ለቀልዱ ስል የምመልሰው አንድ ነው። "ኧረ የት አይቶ! ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተመለሰው። አንድም ጊዜ አልዞረም።"

"አሃ" ይላል አሊ። ከዚያ መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም ይላል።

ባለፈው ዘሃራን ይህንኑ ጠየቅኋት፤ ያን አርብ፣ አሊን ማዶ ጥላችሁ ስትመለሱ፣ አባባ ዞሮ ነበር ወይ ብዬ። "ምን ዞሮ ነበር ትላለህ" አለችኝ። "ፊቱን ወደ ኋላ እንዳደረገ ነው ዳር የደረሰው። አጎታችን አሊን አጣድፎ ወስዶት ከዓይን ከጠፋ በኋላም አልመለሰውም። ታንኳዋን ሊገለብጣት ነበር እኮ፣ እኔ ነኝ አባባ ቀጥ በል እያልኩ የመጣሁት።"

"አሊ ይህን ጠይቆሽ ያውቃል?"

"አንድም ቀን" አለች ዘሃራ።

መልሱ ደሴ ነበር። አሊ ጅዳ ነበር። እኔ በመሃላቸው ሆኜ፣ ለስንት ኢድ፣ እየሳቅኩ "አንድም ጊዜ አልዞረም" እለው ነበር።